መኪናዋ ከተገዛች ማግስት

ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ደሴ መናኸሪያ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጋቢ አልፎ አጥንት ይነካል። አንዲት እናት የ11 ዓመት ልጇን አዝላ ቆማለች። አንቀልባ ለጨቅላ ነው፤ ለዚህ ልጅ አይበቃም። ስለዚህ በጋቢ ጠቅልላ በነጠላ አጥብቃ አስራዋለች። እግሮቹ ከጉልበቷ በታች ወርደው ይንጠለጠላሉ። አጠገቧ የታጠፈ ዊልቸር አለ።

የሚኒባሱ ረዳት ዊልቸሩን አየና «ይሄ የራሱ ሂሳብ አለው» አላት። አልተከራከረችም። ከመቀነቷ ብር ፈትታ ሰጠችው። ዊልቸሩ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታሰረ። ልጁ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «እማ፣ ደክሞሻል?» ሲላት ሰማሁት። «አብሽር፣ አልደከመኝም» አለችው። አዲስ አበባ ለመድረስ ገና 400 ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል።

ልጁ የሰፈራችን ልጅ ነው። ኳስ ሲያባርር እናውቀዋለን። መውደቅ ሲያበዛም አይተነዋል። ባለፈው ዓመት ሰፈሩ «ለዚህ ልጅ መኪና እንግዛለት» ብሎ ተነሳ። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ። ያኔ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ብር ይሰበሰባል፣ መኪና ይገዛል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ በቃ።

አሁን እንደዚያ አላስብም። ገንዘብ ማሰባሰቡ ከባዱ ሥራ አይደለም። ወሎ ላይ ለታመመ ልጅ እጁን የሚሰበስብ ሰው ጥቂት ነው። ከባዱ ነገር የሚጀምረው መኪናዋ ከተገዛች ማግስት ነው። ነዳጇ አለ። ሾፌሯ አለ። ሊብሬዋ በማን ስም ይሁን የሚለው አለ። ብዙ ዘመቻ እዚህ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በየከተማው እንዲህ ያለ ኮሚቴ ያቋቋማችሁ ሰዎች፣ እኛ ዘግይቶ የገባን ነገር ለእናንተ ቀድሞ ይግባችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ልመልስ። በስብሰባችን ላይ አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው «ለመድኃኒት ከሆነ እሰጣለሁ። መኪና ግን ቅንጦት አይሆንም ወይ?» አሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። ደሴ ውስጥ መኪና ያለው ስንት ሰው ነው? ጤነኛ ልጆቹን በእግሩ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ ያለው በሽታው ውስጥ ነው። የልጁ በሽታ ዱሼን ይባላል። ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም፣ ከዘር የሚመጣ በሽታ ነው። በብዛት የሚይዘው ወንዶችን ነው። ልጁ ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው መውደቅ ያበዛል። ከመሬት ሲነሳ በእጆቹ ጭኑን እየተደገፈ፣ የገዛ እግሩን እንደ መሰላል እየወጣ ነው የሚነሳው። 12 ዓመት ገደማ ላይ አብዛኞቹ መራመድ ያቆማሉ። እያደር የልብና የመተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል። ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትትል ግን ዕድሜ ይጨምራል። ልቡ ይታያል፣ ትንፋሹ ይለካል፣ ጀርባው እንዳይጎብጥ ይጠበቃል። ለዚህ ሁሉ ልጁ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እንዲህ ያለ ልጅ እንደ ዕቃ አይነሳም። ትከሻው ደካማ ስለሆነ ብብቱን ይዘው ቢያነሱት ሙልጭ ብሎ ሊወድቅ ይችላል። በሽታውን ለማዘግየት የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ለዓመታት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል። አንድ ጊዜ ከባጃጅ ሲወርድ ቢወድቅ ጭኑ ሊሰበር ይችላል። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ዊልቸር አይገባም። ልጁ ጎብጦ፣ ደረቱ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ሚኒባስ ላይ ያለውን አይተነዋል።

ሴሬብራል ፓልሲ ለሚባለው፣ ከአንጎል ጉዳት ለሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ለተዳረጉ ልጆችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አከርካሪያቸው ላይ ክፍተት ይዘው ለሚወለዱ ልጆችም እንደዚያው። በሽታቸው ይለያያል፤ መናኸሪያ ላይ የሚገጥማቸው ግን አንድ ነው። ልጁ ያድጋል፤ የእናቱ ጀርባ ግን አያድግም። አምስት ዓመት ሲሆነው ታዝለዋለች። አሥራ አንድ ሲሆነው 30 ኪሎ አልፏል። አሥራ አራት ሲሆነው ምን ታደርጋለች? የብዙ ቤተሰብ መልስ ቤት መቅረት ነው። ሐኪም «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» ይላል፤ እነሱ አይመለሱም። ካርዱ ላይ «ክትትል አቋርጧል» ተብሎ ይጻፋል። ያቋረጠው ግን ልጁ አይደለም፣ መንገዱ ነው።

ጠያቂው ሰውዬ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። በመጨረሻ «እንግዲህ ይቺ መኪና ቃሬዛ ናት በሉኛ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም መኪናዋን የማስባት በዚህ ቃል ነው።

የወሎ ሰው ቃሬዛን ያውቃል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ቅሬ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀብር ነው። ገጠር ግን ቅሬ ሬሳ ብቻ አይሸከምም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባትን ሴት፣ ከገደል የወደቀውን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ቅሬው ነው።

አሠራሩን ልብ በሉ። ጥሪው ሲሰማ ሁሉም ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ከኋላ ይከተላል። አራቱ ሲደክማቸው «ትከሻ ለውጡኝ» ይላሉ። ሌሎች አራት ይገባሉ። ዳገቱን አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። ሲመለሱ ደግሞ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ የሚለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ ሥርዓት ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ሸክሙ ይዘዋወራል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር ይጻፋል። የዛሬው የስልክ መዋጮ እነዚህን ሁለቱን ነው ያጣው።

ስልኩን ማጣጣሌ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ መዋጮ ሌላ መልክ ያዘ። ድሮ ጁምዓ ቀን መስጊድ ደጃፍ ላይ ጨርቅ ይዘረጋል። እሑድ በዐውደ ምሕረት ይነገራል። የሚሰጠው የተገኘው ሰው ነው። አሁን ባቲ ሱቅ ውስጥ ያለ ነጋዴ፣ ጅዳ ቤት የምትሠራ እህት፣ ሚኒሶታ መኪና የሚነዳ የወረኢሉ ልጅ በአንድ ሌሊት ይሰጣሉ። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት የሰበሰብነውን በጨርቅ ብንሰበስበው ዓመት ይፈጅብን ነበር።

አገራችን ለታመመ ልጅ ሳንቲም አዋጥቶ ትልቅ ነገር መሥራትን ያውቃል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲያቋቁሙ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ነበር የሚላኩት። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» ተብሎ ተለመነ። ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ማዕከሉ ቆመ። እዚያ ሥራ ውስጥ ልብ የሚነካኝ ትዕግሥቱ ነው። አንድ ብሩ አንድ ቀን ተሰጥቶ አላበቃም።

የስልክ መዋጮ ግን ትዕግሥት የለውም። ለሦስት ቀን ይነድዳል፣ በአራተኛው ቀን ሌላ ታማሚ ይመጣል። ይህ የሰጪው ጥፋት አይደለም። ስክሪኑ ራሱ የተሠራው እንደዚያ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ምን ተጠየቀ የሚለው ወሳኝ ነው። እኛ የጠየቅነው የመኪናዋን ዋጋ ብቻ ነበር። ስህተታችን እሱ ነው።

ሁለት ሦስት ነገር ስለ ገንዘቡ መንገድ ልናገር። ቲክቶክ ላይቭ ላይ የሚላክ ጊፍት ሁሉ ለልጁ አይደርስም። ከፊሉ ኩባንያው ጋ ይቀራል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የሶርያ ተፈናቃዮች በላይቭ የሚለምኑበትን መንገድ ሲመረምር እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በመንገድ እንደሚቀር አሳይቷል። ስለዚህ ላይቭ ግቡ፣ ግን ተመልካቹን «ጊፍት አትላኩ፣ ወደ ባንኩ ላኩ» በሉት። ጎፈንድሚ የሚባለው የውጭ አገር የመዋጮ ድረ ገጽ ደግሞ በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ የባንክ ሂሳብ አይከፍልም። ውጭ ያለ ሰው በስሙ ይከፍታል ማለት ነው። ያ ሰው ማን ነው? ገንዘቡን መቼ፣ በምን ያህል ምንዛሪ ይልካል? ይህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ካልተቀመጠ በኋላ ወንድም ከወንድም ያቀያይማል። አገር ውስጥ ወገን ፈንድ የሚባል መድረክም አለ።

እዚህ ያለው ሂሳብ ቢያንስ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ዝግ አካውንት ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ከቤተሰቡ፣ አንዱ ከቅሬው ቢሆን ጥሩ ነው። የሆስፒታሉ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቀን በእጅ ይኑር። ያለ እነዚህ ወረቀቶች የሚጠረጥረን ሰው ትክክል ነው።

ከዚያ ዋጋው አለ። ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያ ክረምት መኪና ለመግዛት ብር እያጠራቀመ የነበረ ኮሚቴ ምን እንደገጠመው መገመት ቀላል ነው። የተሰበሰበው አልቀነሰም፣ የሚገዛው ግን ራቀ። ከዚያ በፊት፣ በጥር 2016 ዓ.ም፣ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ያገለገሉ መኪኖች ላይም ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ጀምሮ ከባድ ቀረጥ አለ። ስለዚህ በነዳጅ መኪና ገበያው ላይ በብዛት የሚዞሩት አሮጌዎቹ ናቸው። ቀርፋፋ ዘመቻ ሁልጊዜ በዋጋ ይቀደማል። ግቡን አሳንሳችሁ ቶሎ ጨርሱ፤ ወይ ከመጀመሪያው ለዋጋ ጭማሪ ቦታ ተዉ።

አሁን ወደ መኪናዋ እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳባችን አንዲት ቪትዝ ነበረች። ርካሽ ናት፣ ነዳጅ አትበላም። ግን ልጁ እንዴት ይገባል? ከዊልቸሩ ተነስቶ፣ ተጎትቶ። ማለትም እናትየው አሁንም ትሸከመዋለች። ርቀቱ አጠረላት እንጂ ሸክሙ አልወረደላትም። ለልጁ የሚሆነው ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ የሚገባበት መኪና ነው። ለዚህ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። እኛ አገር ለዚህ የምትቀርበው አባዱላ የምንላት ሚኒባስ ናት። መለዋወጫዋ ኮምቦልቻም ወልድያም ይገኛል። የማይጠግናት መካኒክ የለም።

ችግሯ ወለሏ ነው። ከመሬት ከፍ ይላል። 60 ሳንቲሜትር ነው እንበል። አንድ ሜትር ከግማሽ የሆነ መወጣጫ ብትሠሩላት ቁልቁለቱ እንደ ግድግዳ ነው። ልጁና ዊልቸሩ አንድ ላይ 50 ኪሎ ቢሆኑ የሚገፋው ሰው 20 ኪሎ ያህል እየታገለ ነው የሚያስገባው። እጁ ቢያመልጠውስ? መወጣጫው ሦስት ሜትር ቢሆን ትግሉ በግማሽ ይቀንሳል። ግን ሦስት ሜትር ብረት የት ይቀመጣል? እኛ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ በያጅ ጋ ሄደን ይህን ነገርነው። ወጣት ነው። ሜትሩን አውጥቶ ለካ፣ መሬት ላይ በኖራ ሳለ። «ለሁለት የሚታጠፍ አደርገዋለሁ፣ ላሜራው ሸካራ ይሁን፣ ዝናብ ሲመጣ ጎማው እንዳይንሸራተት» አለ። ጠርዙ ላይም ከፍ ያለ ብረት ጨመረበት፣ ጎማው ወደ ጎን እንዳይወድቅ። የእጅ ዋጋ አልተቀበለንም። «የብረቱን ብቻ ስጡኝ» አለ።

መወጣጫው ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማሰሪያው ነው፤ ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ዊልቸር መኪና ውስጥ ፍሬኑን ይዞ ስለቆመ ብቻ አይጸናም። ከወለሉ ጋር በአራት ማሰሪያ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ መታሰር አለበት። ፊቱ ወደ መኪናዋ ፊት ይሁን። ወደ ጎን የዞረ ዊልቸር በድንገተኛ ፍሬን ይገለበጣል። ልጁ ደግሞ የራሱ የመኪና ቀበቶ ያስፈልገዋል፣ በወገቡም በትከሻውም። ዊልቸሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀበቶ እንዳይንሸራተት ነው እንጂ ከግጭት አታድነውም። የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ይገባዋል።

መንገዱ ራሱ ለመኪና ምርጫ ዳኛ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ይለያያል። ከዚያ ከሚሴ ወርደህ ትጋገራለህ፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተህ በጉም ውስጥ ታልፋለህ። ሳንባው ለደከመ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጉዞው በፊት ሐኪሙን «በዚህ ከፍታ ማለፍ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል የሚሉ አሉ። ነዳጅ መቆጠቡ እውነት ነው። ለከተማ ውስጥ፣ ለትምህርት ቤትና ለቅርብ ሆስፒታል ጥሩ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ጉዞ ግን ቻርጅ የት እንደምታደርጉ ሳታውቁ አትግዙ። መብራት በጠፋበት ቀን ልጁ ቢታመም የሚለውንም አስቡበት።

ደግሞም መኪና ከለወጣችሁ በኋላ የቴክኒክ ምርመራ አለ። ወንበር አውጥታችሁ፣ ወለል በስታችሁ፣ ብረት በይዳችሁ ዝም ብላችሁ ቦሎ አይለጠፍላችሁም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ። ከውጭ ለማስገባት ለሚያስቡም እንዲሁ፤ ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጥ የቀረጥ መብት ለእናንተ ይሠራ እንደሆነ መጀመሪያ ጉምሩክን ጠይቁ። መኪናው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆመ በኋላ መጠየቅ ለቅጣት መክፈል ነው።

ሊብሬው በማን ስም ይሁን? ይህን ጥያቄ ማንሳት ያሳፍራል። እኛም ለሦስት ስብሰባ ሳናነሳው ቀረን። ቤተሰቡን የጠረጠርን ይመስላል። ግን ልጁ አካለ መጠን አልደረሰም። መኪናዋ በአባት ስም ከሆነች በአባት ዕዳ ልትያዝ ትችላለች። ባልና ሚስት ቢለያዩስ? ሰው ቸግሮት ቢሸጣትስ? ደግሞ ማንም አፉን ሞልቶ የማይናገረው ነገር አለ። ልጁ አላህ ወይም እግዜር ቢወስደውስ?

በመጨረሻ ያነሳችው እናትየው ራሷ ናት። «እኔ ልጄ ከሌለ መኪናዋን አይቼ መኖር አልችልም። ሌላ እንደሱ ያለ ልጅ ይውሰዳት» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ቀን የተማርኩት፣ የሚያሳፍር የመሰለንን ጥያቄ ቤተሰቡ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ሲያስበው እንደኖረ ነው። በስጦታ ውል ላይ ሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል። ለልጁ አገልግሎት እንደተሰጠች፣ ያለ ኮሚቴው ስምምነት እንደማትሸጥ፣ አገልግሎቷ ካበቃ ለሌላ ልጅ እንደምታልፍ ይጻፋል። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይጸድቃል። ይህ ቤተሰቡንም ይጠብቃል። ነገ የቅርብ ዘመድ መጥቶ «ለሠርግ አከራዩኝ» ቢል መልሱ ውሉ ላይ አለ።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባሷ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 80 ሊትር ትጠጣለች። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም በሊትር 100 ብር አልፏል። በ100 ብር እንኳ ብናስበው አንድ ጉዞ 8,000 ብር ነው። በየሦስት ወሩ ከሆነ በዓመት 32,000 ብር። ይህ የሾፌር አበል፣ ማደሪያ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይቆጠር ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ከማደያ ውጭ በተገዛ ቀን ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው። የልጁ አባት ቀን ሠራተኛ ነው። በዓመት 32,000 ብር ለነዳጅ ከየት ያመጣል? መኪናዋን ሰጥተነው ነዳጁን ካልሰጠነው ደጃፉ ላይ የቆመች ዕዳ ነው የሰጠነው። እንዲህ ቆማ ጎማዋ የተነፈሰ የስጦታ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። ቤተሰቡ ለመሸጥ ያፍራል፣ ለመንዳት አቅም የለውም። ልጁም ተመልሶ ሚኒባስ ላይ ነው።

መልሱ ስልኩ ውስጥ የለም፣ ቅሬው ውስጥ ነው። አንድ ቅሬ 150 አባወራ አለው እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢጨምር 3,000 ብር ነው። በዓመት 36,000። በ100 ብር ስሌት የዓመቱ የአዲስ አበባ ነዳጅ ወጣ ማለት ነው፣ ትንሽም ይተርፋል። 20 ብር ትንሽ ገንዘብ ናት። ግን ክፈሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የሚጽፍ ሰው፣ ላልከፈለ «ምነው?» የሚል ሰው ይፈልጋል። ቲክቶክ ይህን አይሠራም። የቅሬ ዳኛ ይሠራዋል። ትልቁን ገንዘብ ስልኩ ያምጣ። የዘወትሩን ሸክም ደግሞ ቅሬው ትከሻ እየለወጠ ይያዘው። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና መሰሎቹን ከምዝገባው ውጭ ስላደረጋቸው ቅሬ በራሱ ደንብ ይህን መወሰን ይችላል።

መንግሥትስ? ይህ የመንግሥት ሥራ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። ግን ሕንፃው ደጃፍ ድረስ በምን እንመጣለን? የማኅበረሰብ ጤና መድህን ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። ብዙ ሰው ከዕዳ አድኗል። የሚሸፍነው ግን ሕክምናውን ነው። አዲስ አበባ የሚያደርሰውን መኪና አይከፍልም። እንግሊዝ አገር ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አካል ጉዳተኞች የመንግሥት ድጎማቸውን ለመኪና ኪራይ የሚያውሉበት ሞታቢሊቲ የሚባል አሠራር አለ። እዚያም ቢሆን ዊልቸር የሚያስገባ መኪና ከሌላው ስለሚወደድ ልዩነቱን ለመሙላት መዋጮ የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ። ነገሩ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላው ጥያቄ ሕክምናው ለምን እዚሁ አይሆንም የሚለው ነው። ደሴ ሆስፒታል አለ። የአካል ተሃድሶ ማዕከልም አለ። በ2014ቱ ጦርነት ሆስፒታሉ ተዘርፎ አልጋና ማሽን ሳይቀር ሄዶበታል። ተመልሶ ቆሟል። የሚችሉትን ክትትል እዚሁ ማድረግ፣ አዲስ አበባን ለማይቀረው ብቻ ማስቀመጥ ከነዳጅ በላይ ልጁን ከድካም ያድነዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለና፣ ለዚያም ቀን ጭምር።

አንድ ነገር ስለ ልጁ። በዘመቻው መጀመሪያ አንድ ሰው ልጁ ሲያለቅስ ቀርጾ ለቀቀው። ብዙ ብር መጣ። ልጁ ግን ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆች ቪዲዮውን አሳዩት። ለሁለት ሳምንት አልሄድም አለ። ቪዲዮውን አስነሳን፤ ግን የተላከ ተልኳል። ከዚያ በኋላ የለጠፍነው የመወጣጫውን ፎቶ፣ የሂሳቡን ወረቀት፣ የበያጁን እጅ ነው። ብሩ ትንሽ ቀዘቀዘ። ልጁ ግን ትምህርት ቤት ተመለሰ። ፊቱን ሳናሳይ ከዚህ በኋላ መቶ ብር ቢቀርብን ይቅርብን ብለን ተስማማን።

ለአንድ ልጅ ከሚሆን ለብዙ ልጆች የምትሆን አንዲት መኪና አትሻልም ወይ የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። ከተማው ውስጥ እንደሱ ያሉ ሌሎች ልጆች እንዳሉ ያወቅነውም ያኔ ነው። እናቶቹ አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ ሐሳቡ አሳመነኝ። መኪናዋ የሆስፒታል ብቻ ብትሆን አሁንም ያሳምነኛል። ነገር ግን ልጁን «መኪናዋ ስትመጣ መጀመሪያ የት ትሄዳለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ጥቁር አንበሳ አላለም። «ሐይቅ» አለኝ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ናት። ጤነኛ ሆኖ ከአጎቱ ጋር ሄዶ ነበር፤ ውሃው ውስጥ እግሩን እንደነከረ ትዝ ይለዋል። ልጅ በሁለት የሕክምና ቀጠሮ መካከል ባለው ጊዜም ይኖራል። ትምህርት ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ አያቱ ጋ መሄድ አለበት። ስለዚህ መኪናዋ የቤተሰቡ ትሁን፤ ረቡዕና ቅዳሜ ግን ሌሎቹን ልጆች ወደ ተሃድሶ ማዕከሉ ታድርስ ብለን ወሰንን። ይህን ሐሳብ ያመጣውም የልጁ አባት ነው።

ባለፈው እሑድ የቅሬ ስብሰባ ነበር። ዳኛው መዝገቡን ገለጡ። የቀብር መዋጮ ገጽ አለ፣ የድንኳን ገጽ አለ፣ የቅጣት ገጽ አለ። ጸሐፊው አዲስ ገጽ አገላብጦ በማስመሪያ መስመር አሰመረ። ከላይ «ቤንዚን» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስም መጥራት ጀመረ። የመጀመሪያዋን 20 ብር ያወጡት «ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ብለው የጠየቁት ሰውዬ ናቸው።